ወር ሲሞላ የሚንኳኳ በር

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቀይዋ ላምሽ ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀችሽ ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። የሥራዬን ወሬ ገና ስጀምር «በይ፣ ወተቱ ሊገነፍልብኝ ነው» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ያንቺ ወተት ደግሞ እኔ በደወልኩ ቁጥር ይገነፍላል። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ሥራው ተመስገን ነው፣ ቆሞ መሄድ ጀምሯል። እኔና ሸሪኬ፣ ያ አንቺ «ረጅሙ» የምትዪው፣ ከዚያች ጠባብ ክፍል ወጥተን መስኮት ያላት ተከራይተናል። ጂሙም፣ መዋዕለ ሕፃናቱም፣ የጊታር አስተማሪዋም ወደ እኛ መጥተዋል። የእነሱ ደንበኞች አንድ ጊዜ ፈርመው ፈቃድ ይሰጡናል፤ ከዚያ ወዲያ ወር በገባ ቁጥር ክፍያው ከባንክ ሂሳባቸው በቀጥታ ይቆረጣል። ጨቅጫቂም ተጨቅጫቂም የለም። የጊታር አስተማሪዋ ክፍያ መጠየቅ ሲኖርባት ፊቷ በርበሬ ይመስል ነበር፤ አሁን የምታወራው ስለ ሙዚቃ ብቻ ነው። «ሳያንኳኩ የሚገቡ ሌቦች» ብለሽ ስም ብታወጪልንም፣ አስቀድመን መልእክት ሳንልክ የማንንም ሳንቲም አንነካም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የወተት ደንበኞችሽን ወደዚህ አሠራር ያስገባኋቸው ለጉልበትሽ ብዬ ነው። ወተቱን አመላላሹ በብስክሌት ቢያደርስም፣ ወር ሲሞላ ሂሳቡን ለመሰብሰብ ያን ሁሉ ደረጃ የምትወጪው የምትወርጂው አንቺው ነበርሽ። ከእንግዲህ እማዬ አርፋ ትቀመጥ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አንቺ ግን ካረፍሽ ወዲህ ድምፅሽ ቀዘቀዘ። ደህና ነሽ ወይ ስልሽ «ደህና ነኝ» ትያለሽ። ያንን ደህና ነኝ አውቀዋለሁ፤ አባዬ የሞተ ሰሞን ነው የሰማሁት። አክስቴም ከቤት መውጣት እንደተውሽ፣ ሻሽሽን እንኳ ከሳጥን እንደማታወጪ ነገረችኝ። ምን በደልኳት እያልኩ ሰነበትኩ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ጡረተኛው መምህር ከዚያ ድረስ ተጉዘው ቢሯችን መጡ። ደንበኛሽ ናቸው፤ እኚያ ከዳቦ ቤቱ በላይ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት። ጫማቸው ተወልውሏል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ይቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ፈቃዳቸውን ሊሰርዙ ነው የመጡት። ደንበኛ ባሻው ጊዜ መተው መብቱ ነው፤ ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ የተወን ስላልነበረ ሸሪኬ ክው አለ። የሚተውን ሰው ምክንያቱን መጠየቅ ደግሞ ደንባችን ነውና ጠየቃቸው። አለአግባብ የተቆረጠብዎ አለ? የለም አሉ። ወተቱ ቀጥኖብዎ ነው? በፍጹም አሉ። ታዲያ ከነጭራሹ ሊተዉት ነው?

«ክፍያውን እንጂ ወተቱን መቼ ተውኩ? ሂሳቡን ለእናቷ በእጄ መስጠት እፈልጋለሁ» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ሸሪኬ ያው ገንዘቡ ለእናቷ ይደርሳቸው የለም ወይ፣ እሳቸውም ከደረጃ ያርፋሉ እያለ ጥቅሙን ሊያስረዳ ተነሳ። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፤ አልገባውም። ጭራሽ፣ ወተት እንደ እርስዎ የሚወድ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው አሠራር ነው የሚያዋጣው አላቸው።

«ወተት ሐኪም ከከለከለኝ ቆየ እኮ» አሉ መምህሩ። «የጎረቤት ልጆች ናቸው የሚጠጡት።»

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፈቃዱን ራሴ ሰረዝኩላቸው። ደንበኛ ሲያመልጠኝ እንደዚያ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ስለ ጉልበትሽ ጠየቁኝ። ደረጃው ከከበዳት እኔ ወርጄ ዳቦ ቤቱ በር ላይ እጠብቃታለሁ፣ ንገሪያት አሉኝ። ይኸው ነገርኩሽ።

እማዬ፣ ሆድ ካገር ይሰፋል ማለት ለካ ይኸ ነው። እኔ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትመልሺልኝ። ለአፍታ አባዬ ትዝ ብሎኝ ቅር ሳይለኝ አልቀረም፤ ግን እሱም ቢሆን አንቺ ቤት ዘግተሽ ስትቀመጪ ማየት የሚወድ ሰው አልነበረም። ማታ ለብቻዬ ሆኜ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው።

ሌሎቹ ደንበኞችሽ በባንክ መክፈሉን ስለወደዱት ይቀጥላሉ። ከእንግዲህ የምትወጪው የአንድ ቤት ደረጃ ብቻ ነው። ከዚያ ቤት ከሚሰበሰበው ድርጅታችን ኮሚሽን አይቆርጥም፤ ቶሎ ካልተመለስሽም አክስቴ እንዳትፈልግሽ ነግሬያታለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ወሩ የሚሞላው ዓርብ ነው።

የምትወድሽ ብቸኛ ልጅሽ