በሞተር ድምፅ የተዋጠው ቃል

ኅዳር 18 ቀን 2014 ዓ.ም.
ኖርዌይ

ለተከበሩ አባቴ ለኑርዬ፣

ካሉበት ሁሉ የአላህ ሰላም ይድረስዎ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጦርነቱ ሐይቅ ከገባ ወዲህ ስልካችሁ አልሠራ ስላለኝ ይህን ጻፍሁ። ጓደኛዬ ጠሃ ነገ አዲስ አበባ ይገባል፤ መንገዱ ሲከፈት ወደ ቀያችን ወደ አርዲቦ ለሚያልፍ ሰው ይሰጥልኛል።

ባለፈው ስንነጋገር ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ በቅጡ አልመለስሁልዎትም። የምነዳት ትራክተር ትንሽ ናት፤ በበጋ የግቢ ሣር ታጭዳለች። እናንተ እህል በምታነሱበት በዚህ ወር ግን እዚህ ክረምት ነው፤ ፊቷ ላይ የበረዶ መጥረጊያ ይገጠምላታል። በረዶው እንደኛ አገሩ ጤፍ የሚያረግፍ አይደለም። እንደ ዱቄት ዝም ብሎ ሲወርድ አድሮ ደጁን ይዘጋል። ከፊት የሚሽከረከረው ብረት ይውጠውና ከላይ ባለው ቱቦ አርቆ ይተፋዋል። «ታዲያ ጠርገህ ምን ትዘራበታለህ?» ብለውኝ ነበር። ምንም አይዘራበትም አባቴ። አቅም ያነሳቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ግቢ ነው፤ እንዲወጡበት ነው የምጠርገው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እየጠረግሁ ሳለ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ድምፅዋን ስሰማ ጎረቤታችን ኡሙሀኒ ናት። ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ የምትለውን ብላ ጨርሳ ኖሯል፤ የደረስሁት መጨረሻው ላይ ነው።

«... ጁምዓ ጠዋት አባትህ ከቤት ወጡ» አለችኝ።

«ወዴት?» ስላት ተቋረጠ።

መልሼ ስደውል አንድ ሰውዬ አነሣው። «ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ነኝ። ሴትዮዋ ስልኬን ተውሰውኝ ነው፤ አሁን ሄደዋል።»

«አብረዋቸው ሽማግሌ ነበሩ?»

«አብሽር ወንድማለም። እዚህ ስንት ተፈናቃይ አለ መሰለህ፤ የቱን አይቼ ልንገርህ?»

ወጡ። በእግርዎ ነው ወይስ በሰው ትከሻ? ኡሙሀኒ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ደግሞ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ለምን አያለቅስም እላለሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቼ መጥረጌን ቀጠልሁ፤ ለምን እንደቀጠልሁ አላውቅም። ቱቦውን ማዞር ረስቼ በረዶውን ሁሉ አንዲት አሮጊት በር ላይ ከመርሁት። የነቃሁት መስኮቱን ሲደበድቡ ነው። በአካፋ ዛቅሁላቸው። ሲወጡ አልተቆጡኝም፤ እጄን ይዘው ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ። በእነርሱ ቋንቋ መናገር አቃተኝ። በእኛስ ቢሆን ምን እላለሁ?

ዛሬ ጠሃ መጥቶ «አስከሬናቸው ባይኖርም ሶላተል ጋኢብ እንስገድላቸው፤ ከሞቱ ዕዳ አይሁንብህ» አለኝ። ውዱእ አድርገን ተነሣን። ከፊቴ ቆሞ እጁን ሊያነሣ ሲል ክንዱን ያዝሁት።

«በሕይወት ላለ ሰው አይሰገድም» አልሁት።

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ።»

ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጋርድዎ። «አፈሩን» ብዬ ጀምሬ የሰረዝሁትን እንዳላዩ ይለፉልኝ። መንገዱን ያቅልልዎ።

ልጅዎ ሙነወር