ስላፈረስኩት ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለአንድዬዋ ልጄ፣ ለእኔዋ ሜትር፤

እንዴት ነሽ የኔ እናት? ሥራው እንዴት ይዞሻል? እዚያ ብርዱ ገባ አይደል? ልብስ ደርቢ፤ እንደ ልጅነትሽ "አልበረደኝም" ብለሽ ኋላ እንዳታስነጥሺ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ያው ነው፤ ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ ፍሬን ሲረግጥ የኖረ ጉልበት ስለሆነ አልፈርድበትም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን የሚሉት ነው ትዪኝ ይሆናል። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ አጠገቤ ናት፤ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ ሆድ ይብሰኝና የምለው ይጠፋኛል። ስትደውዪ "ደህና ናት፣ ጋደም ብላለች" እያልኩ ስሸውድሽ የከረምኩት ለዚህ ነው። "የቤቱን ፎቶ ላክልኝ፣ ለደንበኞቼ ላሳይ" ብለሽ ስትጨቀጭቂኝም ካሜራው ተበላሽቷል አልኩሽ። ካሜራው ደህና ነው። እንግዲህ ልናገርና ይውጣልኝ፤ በደረጃው አፍ ላይ ያሠራሽውን ነጭ ግድግዳ አፍርሼዋለሁ።

ቆይ፣ አትቆጪ። ከመጀመሪያው ላጫውትሽ።

ቤታችንን አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ሜትር ይዘሽ እያንዳንዱን ጥግ ስትለኪ ነው ያደግሽው፣ ስሙም የወጣልሽ በዚያው ነው። ቁልቁለት ላይ ስለሆነ በመንገዱ በር ሲገቡ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ግማሽ ፎቅ ወጣ ሲሉ መኝታ ቤት፣ ግማሽ ፎቅ ወረድ ሲሉ ደግሞ ኩሽናውና ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር። ሰው "ቤታችሁ ፎቅ ነው ወይስ ምድር ቤት?" ሲለን እናትሽ "እሱና እኔ ስንከራከር መሃል ላይ ቀረ" ትል ነበር።

ባለፈው ክረምት ትሪ ይዛ ወደ ታች ስትወርድ ወድቃ የእጇ አንጓ ሲሰበር ሐኪሙ የነገረንን ታስታውሻለሽ። መርሳቱ እየባሰ እንጂ እየቀለለ አይሄድም፣ ደረጃ ያለበት ቤት አይሆናትም አለ። አንቺም ወይ ቤቱን እናስተካክል ወይ መንከባከቢያ ቤት ትግባ አልሽ። መንከባከቢያ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። ይቺን ሴት ለሰው አሳልፌ ሰጥቼ እኔ እዚህ ሶፋ ላይ ልቀመጥ? ከሷ ተለይቼ ከምኖር ቤቱ ከነጭራሹ ይፍረስ ብዬ ነው እሺ ያልኩሽ።

ፕላንሽ ሲመጣ፣ እውነቴን ነው፣ ኮራሁብሽ። ኩሽናው ከታች ወደ ሳሎኑ ወጣ። በሳሎኑና በእንግዳ ክፍሉ መካከል የነበረው ግድግዳ ተነሳና ቤቱ ሜዳ ሆነ። የእንግዳ ክፍሉ የኛ መኝታ ሆነ። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ በር ተገጠመለት፣ ወደ ታች የሚወስደው በጂፕሰም ተዘጋ። ወለሉ የማያንሸራትት ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ግድግዳው ሁሉ ነጭ። መሳቢያው እንኳን ሲዘጋ ድምፅ የለውም፤ እኔ መዝጋቴን ለማወቅ ሁለቴ ነው የምገፋው። ሥራ ሁሉ "ነገ ያልቃል" ስለሚል "ነገ" ብዬ የምጠራው ግንበኛ በመጨረሻው ቀን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "አባባ፣ ይሄ ቤት መጽሔት ላይ ይወጣል" አለኝ።

ሥራው እስኪያልቅ እናትሽን አክስትሽ ዘንድ አስቀምጫት ነበር። የምትመለስ ዕለት ጠዋት ተላጨሁ፣ አዲሱን ሸሚዜን ለበስኩ። በሩን ከፈትኩላት። ደጃፉ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች። "ውይ ሲያምር!" አለች። ደስ አለኝ። ቀጠለችና "የማን ቤት ነው?" አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። "የኔ ነው፣ ይግቡ እንጂ" አልኳት እኔም። ጫማዋን አውልቃ ደጅ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና ገባች። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው ቤት እንደሄደ ሰው። ሻይ ሳቀርብላት ብድግ ብላ "ኧረ አይቸገሩ" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ አፍራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያን ቀን በፊት እኮ ቀኑ ይጠፋባታል፣ የነገርኳት ይጠፋባታል እንጂ እኔ ጠፍቼባት አላውቅም። አንቱ ብላኝ አታውቅም።

"ልጅ አለዎት?" አለችኝ።

"አንዲት አለችኝ።"

"እኔም ያለችኝ አንዲት ናት። ቤት ታሳምራለች፣ ሥራዋ ነው። ሩቅ አገር ነው ያለችው። ሥራ ይበዛባታል እንጂ ትመጣ ነበር።"

አልዋሽሽም፣ ይቺን ስትል ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ሊመሽ ሲል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። "እንግዲህ ልሂድ፤ ባለቤቴ ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው፣ ሲያጣኝ ይሰጋል።" ባለቤትሽ እኔ ነኝ አልኳት። አየችኝ፣ ልጄ፣ ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። "ኧረ እግዚአብሔርን ይፍሩ፣ በዚህ ዕድሜዎ!" ብላ ወደ በሩ ሄደች። ቁልፉን ይዤ ብከለክላት በሩን በዚያች በተሰበረች እጇ ትደበድበው ጀመር። የሰው ያለህ ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት ወጣ። አክስትሽ ተጠርታ መጥታ ነው ያረጋጋቻት። ስትሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "በል ለልጅቱ ንገራትና ወደ መንከባከቢያው ትውሰዳት፤ አንተም ሰው ነህ" አለችኝ። በማግስቱም ያው ሆነ፣ ከዚያም ወዲያ ያው። ቀኑን ሙሉ ጨዋ እንግዳ፣ ሲመሽ ልሂድ።

ተቀየምኩሽ። ምን እደብቅሻለሁ? ቤቷን ቀየረችባት፣ ቤቱ ሲጠፋባት እኔም አብሬ ጠፋሁ አልኩ። "በፊት" እና "በኋላ" እያልሽ የላክሽልኝን ሥዕል ሁሉ ከስልኬ አጠፋሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ሲመሽ መጣላቱ ሰለቸኝና "እንግዲያው ልሸኝዎት" አልኳት። ደስ አላት። ክንዷን ይዤ በመንገዱ በር ወጣን፤ በአጥሩ ጥግ ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ዞረን ወደ ጓሮ ወረድን። መንገዱን ሁሉ ስለ ባሏ ስታጫውተኝ ነው። ሾፌር ነው፣ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ወርቅ ነው አለችኝ። ለኔ እኮ አንድ ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም! የጓሮውን በር ከፈትኩላት። የታችኛውን የድሮ ኩሽና "ነገ" አልነካውም ነበር፤ አሮጌው ጠረጴዛ፣ መደርደሪያው፣ የተላጠው ቀለም እንዳለ ነው። ገባችና ትንፋሿን ለቀቀች። "ተመስገን፣ ደረስኩ" አለች። ሄዳ መጋረጃውን ዘጋች፤ እጇ ገመዱን ሳይዳብስ አገኘው። እኔም ልገባ እግሬን ሳነሳ ዞር ብላ "እስከዚህ ስለሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የለም፤ ሌላ ቀን እሱ ባለበት ይምጡ" አለችና በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

ከገዛ ቤቴ ተባርሬ ጓሮ ቆምኩ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ብቻዋን ወድቃ እንዳትጎዳብኝ ፈራሁና በዚህ ጉልበቴ ዳገቱን ሮጬ በመንገዱ በር ገባሁ። ወደ ታች ልወርድ ስል ግድግዳሽ አለ። ከወዲያ በኩል ሳህን ስታንኳኳ ይሰማኛል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ድሮ ከሥራ ስገባ እንደማደርገው ግድግዳውን ተጠግቼ "መጣሁ!" ብዬ ጮህኩ።

"የት ቆየህ?" አለች ከታች።

ሰማሽ ልጄ? አንተ አለችኝ። መዶሻ አምጥቼ ግድግዳውን ያፈረስኩት ያኔ ነው። ጂፕሰም ነው፣ ብዙም አልታገለኝ። ቀዳዳው ሰው የሚያሳልፍ ሲሆን ነጭ አቧራ ለብሼ ወረድኩ። እናትሽ ወገቧን ይዛ አየችኝ። "ምን ሆነህ ነው? ዱቄት ፋብሪካ ገባህ እንዴ?" አለችና በመሃረቧ ፊቴን ጠረገችልኝ። እንባዬን አቧራ ገብቶብኝ ነው አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ቀን ላይኛው ቤት እንግዳ አስተናግዳለሁ። ሲመሽ እሸኛታለሁ፣ በሩን ትዘጋብኛለች፣ ዞሬ ከላይ "መጣሁ!" ብዬ እወርዳለሁ። ለደረጃው መደገፊያ አስገጠምኩለት፣ ታች አልጋ አስገባሁ፣ እዚያው እናድራለን። ጠዋት እጇን ይዤ ወደ ላይ ሳወጣት እንደገና እንግዳ ትሆናለች። ጎረቤታችን መካኒኩ በየምሽቱ ስንዞር እያየ "አባባ፣ ዛሬም መስመር አልቀየሩም?" ይለኛል። "ተሳፋሪዬ አንድ ናት፣ ግን ቀርታ አታውቅም" እለዋለሁ።

አንድ ቀን ታች ቁጭ ብለን "አንድ ደግ ሽማግሌ እስከ በር ሸኘኝ" አለችኝ።

"ዓይኑን ጥሎብሽ እንዳይሆን" አልኳት።

"ሂድ ወዲያ፣ ባለጌ! ሚስቱ የሞተችበት ነው መሰለኝ፤ ፊቱ ያሳዝናል።"

ይሄንንም ዋጥ አድርጌ ሳቅሁ። ምክንያቱም ጥፋተኛው ቤቱ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ኩሽናውን ወደ ታች እንመልሰው፣ የሳሎኑንና የእንግዳ ክፍሉን ግድግዳ ወደ ቦታው እናቁመው፣ እናትሽም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች ብዬ ልጽፍልሽ ነበር ይሄን ወረቀት የገዛሁት።

እሁድ ሲመሽ እንደ ልማዴ ከላይ "መጣሁ!" አልኩ። መልስ የለም። እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል ብዬ ወረድኩ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፤ ለሷና ለኔ ሳህን አቅርባለች። አየችኝ፤ ከዚያ ከኔ አልፋ ወደ ደረጃው አየች።

"ብቻዎን ነዎት?" አለችኝ። "ባለቤቴ አብሮዎት አልመጣም?"

"ይመጣል" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

"እንግዲያው ይቀመጡ፣ አብረን እንጠብቀው።"

ተቀመጥኩ። የኔን ሳህን ወደኔ አላስጠጋችውም፤ የሱ ነው። እሷም እኔም እሱን ስንጠብቅ አመሸን። ትናንትም ያው ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የግድግዳውም አይደለም። አሮጌውም ቤት አዲሱም ቤት የሚያመጡላት ነገር የለም፤ እኔን ከሁለቱም ቤት አጥታኛለች። በከንቱ ተቀይሜሽ ነበርና ይቅር በዪኝ። ስለ መንከባከቢያው እሺም እምቢም ማለት አልቻልኩም። ልቤ እምቢ ይላል፣ ጉልበቴ እሺ ይላል። መጥተሽ ዓይኗን አይተሽ እንነጋገር። ያንቺን ስም ገና አልረሳችውም፣ በቀን ስንቴ ታነሳሻለች፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሥራውን ለሌላ ሰው ስጪና ነይ። ቤቱን ልታዪ አይደለም።

ይሄን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እጄን ታያለች። አሁን "ለማን ነው የሚጽፉት?" አለችኝ።

"ለልጄ።"

"ሩቅ ናት?"

"ሩቅ ናት።"

"እናቷስ አለች?"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። "አለች" አልኳት።

"ጎሽ፣ ታዲያ ምን ጎደላት! ሰላም ይበሉልኝ። እጇን ይባርክላት፣ መንገዷን ያቅናላት፣ በደህና ለእናቷ ዓይን ያብቃት ይበሉልኝ" አለች።

እንዳለችው ጽፌልሻለሁ።

አባትሽ