ላሚቱን ይዤ እራት የሄድኩ ለት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 1954 ዓ.ም.፣ ላፍቶ

ኮርማው ተገኘ! ላሚቱ ያለ ጥጃ ከረመች፤ ወተት ከሰው ደጅ መለመን ሰልችቶናል። ከአጥራችን ማዶ የሚያርሰው ኦቦ ገመቹ ግን ጎተራ የሚያህል ኮርማ አለው። ትናንት በእጄም በአፌም እያልኩ ችግሬን ነገርኩት። እሱ አማርኛ ብዙም አይናገርም። እኔ ኦሮምኛ እችላለሁ፤ ማለት፣ ትንሽ ትንሽ። ደግነቱ ኮርማ በእኛም ኮርማ ነው፣ በእነሱም ኮርማ።

ዛሬ ከጎፋ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቀኝና «ባርሲሳ» አለኝ። መምህር ማለት ነው፤ እንዲህ ሲጠራኝ ደስ ይለኛል። «ከሚሳ ገልገላ ኢርባታፍ ኮታ።» አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ከሚሳ ሐሙስ ነው፣ ገልገላ ማታ፣ ኮታ ኑ። ኑ ያለኝ ለክብሬ ነው፣ አንቱ ማለቱ። እርባታው ያው እርባታ ነው። ዛሬ ጠዋት ለአራተኛ ክፍል የግስ እርባታ ሳስተምር ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ይቺ ቃል እኔን አታታልለኝም።

ለዘነበች ነገርኳት። ሚስቴ ከቤቷ ይልቅ እነሱ ቤት ትውላለች። የገመቹ ሚስት አዴ ጫልቱ ስታምጥ ወገቧን ደግፋ ያዋለደቻት እሷ ናት፤ እኛ ልጅ የለንም፣ እና ያቺን ሕፃን ካየች ወዲህ ፊቷ በርቷል።

«ሐሙስ ለከብት እርባታ ጠርቶኛል» አልኳት።

«እኔንስ አልጠሩኝም?»

«አንቺ ደግሞ ኮርማና ላም ሲገናኙ ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ ሳቅኩ።

«ምን ነበር ያለህ? በራሳቸው ቋንቋ ንገረኝ።»

«ተርጉሜልሽ የለም እንዴ!» አልኩ። 

ረቡዕ

ላሚቱን አጠብኳት። አዲስ ገመድም ገዛሁላት። ባትኮራ ይሻላታል፣ ሙሽራ አስመስያታለሁ።

ገመቹ የሰባ በግ እየጎተተ ሲገባ አየሁት። እንግዳ ይመጣባቸው ይሆናል። በእንግዳ መሀል የእኔን ጉዳይ አለመርሳቱ ገረመኝ። ደግ ሰው ነው።

ሐሙስ

ወይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

 ከላም ጋር በባዶ ሆድ ምን ያታግለኛል ብዬ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽሮዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከዚያ ላሚቱን እየሳብኩ ሄድኩ። ግቢው ተጠርጓል። ከበሩ እስከ ደጃፉ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ስገባ ሁሉም ተነሡ። እኔን አዩ፣ ላሚቱን አዩ፣ ከዚያ ከላሚቱ ኋላ አዩ። ሲፈልጉ የነበረው ዘነበችን ነው።

የገመቹ ታላቅ ወንድም ከተማ ሠርቶ የኖረ ነው፤ አማርኛ ይችላል።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። ባለቤትዎስ?»

«ቤት ናት።»

«ደህና አይደሉም?»

«ደህና ናት፤ እሷን ለእርባታው ምን ያመጣታል ብዬ…»

ወንድምየው ገመቹን አየው፣ ገመቹ ላሚቱን አያት። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ወንድምየው ቀስ ብሎ፣ ላለማሳፈር እየተጠነቀቀ፣ «መምህር፣ ኢርባታ በኛ እራት ነው» አለኝ።

በጉ ለእኛ ነበር የታረደው።

ቢያንስ ያን ጊዜ ስቄ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ገመቹ ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ ሲስበኝ፣ አንደበቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በልቼ ነው የመጣሁ!» አልኩ። ለእኔ ታርዶ፣ ተሠርቶ፣ ተጎዝጉዞ፣ በልቼ መጣሁ። የገመቹ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ዞሬ ልሄድ ገመዱን ብስብ ላሚቱ እምቢ አለች። አንገቷን ደፍታ ለእንግዳ የተጎዘጎዘውን ሣር እየበላች ነበር። ግብዣውን የተረዳች እሷ ብቻ ናት። ሁሉም እያዩኝ እየጎተትኩ አወጣኋት።

እነሱ እራት አቀረቡልኝ፣ እኔ አፈር በላሁ።

ለዘነበች «ኮርማው አሞታል» አልኳት።

ዓርብ

ውሸቴ እስከ ረፋድ አልቆየም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ዘነበች እነ ጫልቱ ቤት ደርሳ ተመልሳለች። ስገባ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን እንደጠሩን ታውቃለህ?» አለች። «በሽማግሌ ፊት ክርስትና እናት ሁኚልን ሊሉኝ ነበር።»

ደብተሮቼን መደቡ ላይ አስቀመጥኩ።

«በልቻለሁ ብለህ ስትሄድ ጠልተውናል ብለዋል። የኛን ገበታ ተጠየፉት ብለዋል። አሁን ጫልቱ ሌላ ሰው ልትጠይቅ ነው።» ከዚያ፣ «ቃሏን ብትነግረኝ ኖሮ እኮ አውቃት ነበር። ጫልቱ በየማታው ኢርባታ ብዪ ትለኛለች» አለች።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ተማሪዎቼን የምሰድብበት ተረት ነበር።

ዛሬ ትምህርት ቤት ሳለሁም ቀኑን ሙሉ ኢርባታ የምትለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣችም ነበር። ቁርስ ከቆረሰ ነው። ምሳ ከግዕዙ ምሳሕ ነው። እራትስ? ትምህርት ቤት ያሉትን መሪጌታ ጠየቅኳቸው። «በግዕዝ ድራር ነው። እራትን ከየት እንዳመጣችሁት እናንተ እወቁ» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን የበላሁትን ነገር ስም ምንጩን አላውቅም። እራት፣ ኢርባታ። ደጋግሜ ስላቸው ዘመዳሞች ይመስሉኛል። ይሁኑ አይሁኑ እንጃ። ቢሆኑ ግን እኔ የገዛ ዘመዴን አላውቅህም ብያለሁ።

አሁን ፋኖሱን የእሳት እራት ይዞርበታል። ትናንት ቢሆን ስሙን እንኳ አላስተውለውም ነበር። ብርሃን አለ ብሎ ገብቶ ራሱ እራት ይሆናል፤ ምስኪን። ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ብቻዬን፣ ያለ ላም።

ገመቹ ከእርሻው ዳር ቀንበር ይጠግን ነበር። ይቅርታ ማለትን በኦሮምኛ ከዘነበች ተምሬ ነበር፤ እዚያ ስደርስ ጠፋኝ። በአማርኛ ተንተባተብኩ። አፍሬ ነው፣ ንቄ አይደለም አልኩት። ምን ያህሉ እንደገባው አላውቅም። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ነገ ገልገላ ኢርባታፍ ኮታ» አልኩ። ኮታ ስል ሁላችሁም ማለቴ እንደሆነ ለማሳየት እጄን በግቢው ላይ አዞርኩ።

ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፈገግታ የለም።

«ኢርባታ?» አለ።

«ኢርባታ።»

«ቶሌ» ብሎ ወደ ቀንበሩ ተመለሰ። ቶሌ እሺ ነው። ግን እሺ የሚባለው ለመገላገልም ነው። ለዘነበች «ይመጣሉ» ማለት ፈራሁ፤ «ጠርቻቸዋለሁ» አልኳት። ዶሮ ልትገዛ ሄደች።

እሑድ

ዘነበች ከሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ነበረች። ወጡ ደረሰ። ፀሐይ ወደ ፉሪ ተራራ ዘቀዘቀች። ማንም የለም። ዘነበች ድስቱን ከምድጃው አወረደች፣ መልሳ ጣደችው፣ እንደገና አወረደችው። አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ ሣሩን መጎዝጎዝ ጨርሼ በማያስፈልግ ቦታ ሁሉ እጎዘጉዝ ነበር።

ከዚያ አጥሩ ተንኮሻኮሸ። በመጀመሪያ የገባው ቀንድ ነው። ከቀንዱ ኋላ ጎተራ የሚያህለው ኮርማ፣ ከኮርማው ኋላ ገመዱን የያዘው ገመቹ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ጫልቱ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላው ቆማለች፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ገመቹ ገመዱን ዘረጋልኝና፣ መንገድ ለመንገድ ሲለማመደው በመጣው አማርኛ፣

«ባርሲሳ፣ ለእርባታ ጠራኸኝ፤ መጣሁ!» አለ።

ዘነበች ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ስቄም አልቅሼም ነበር፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ኮርማውን ከላሚቱ ጋር ትተን ገባን። ዘነበች አጉርሳ ስትጨርስ ጫልቱ ተነሥታ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። አንድ ቃል ብቻ አለች፤ «ሃዳኬ።» ይህችን ለመተርጎም አልቸኮልኩም፤ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ዘነበች ራሷ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሳታነሣ፣ «እናትሽ፣ አለቻት» አለችኝ።