የጋሼ ውብሸት ፉርጎዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጭንቅ ላይ ነኝ። ነገ የጎረቤቴ የጋሼ ውብሸት ልጅ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በቡሬ በኩል ይመጣል። ለአባቱ የላካቸው የአሻንጉሊት ባቡር ፉርጎዎች ደግሞ ሐዲዱ ላይ አልቆም ብለዋል። የጋሼ ሐዲድ ባለ ሦስት ብረት ነው፤ ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከመካከለኛው ነው። ልጁ የላካቸው ለባለ ሁለት ብረት ሐዲድ የተሠሩ ናቸው። የጎማቸው ጠርዝ አጭር ስለሆነ መታጠፊያው ላይ ይዘላሉ። ጋሼ ግን «የላክኸው አልሆነም» ማለት ከብዷቸው፣ በስልክ «እንደ ጉድ ይሮጣሉ» ብለውታል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንደኔ ጋሪ የሚበይድ የለም። ድሮ በአፌ ነበር የምለው፤ አሁን ፊደል ስለቆጠርኩ እጽፈዋለሁ። «ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

«ጉራህንስ አውቀዋለሁ። ከሰበርክብኝ ልጄን ምን እለዋለሁ?» አሉኝ።

ጋሪ ባዶውን ይዘላል፤ ዝቅ አድርገው ሲጭኑት ይረጋል። ፉርጎዎቹም እንዲከብዱ በየወለላቸው ላይ ሚስማር ደርድሬ አጣበቅሁ። ጋሼ የባቡሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ቀስ ብለው አዞሩት። ፉርጎዎቹ መታጠፊያውን አለፉ።

«እስቲ ትንሽ ልጨምርበት» አሉ።

የኋለኛው ፉርጎ ሐዲዱ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ ዘለለ። አየር ላይ ቀለብኩት። «እንዲህ ያለ እጅ ቡሬ ድረስ ቢፈልጉ አያገኙም» ብላቸው ፈገግም አላሉ። ከእንግዲህ በቀስታ ብቻ ሊነዱት ተስማማን።

ወደ ቤት ስመለስ ነው የታየኝ። ልጁ መጥቶ «አባባ፣ እስቲ እኔ ልንዳው» ማለቱ አይቀርም። «ቀስ በል» ቢሉት «ለምን?» ይላል።