ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረምኩት

ውድ እትዬ፣

ሰባት ሴት ተማሪዎች ሆነን የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤትዎን ያንኳኳን ቀን ትዝ ይልዎት ይሆን? "የቅርጫት ኳስ ያውሱን" ስንልዎ ከመነጽርዎ በላይ አይተውን፣ "አጨዋወቱንስ ማን ያሳያችኋል?" አሉን። በማግስቱ ማለዳ፣ የወንዶቹ ቡድን ሳይገባ፣ የስፖርት አዳራሹን ከፍተው ጠበቁን። በወጣትነትዎ ለክለብ ተጫውተው ኖሯል። ሮጠው ዘለው ሲያስቆጥሩ ጉልበትዎ ሲንቋቋ እየሰማን ሳቃችንን ዋጥን።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ ሰባ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ ተሸነፍን። አውቶቡስ ውስጥ ስንነፋረቅ፣ "አሥራ ዘጠኙን ጎረቤት ነው ያስቆጠረልን? እኛው አይደለን እንዴ!" አሉና አሳቁን። በሦስተኛው ዓመት የምድባችን አንደኛ ሆንን። ሲያላግጡብን የነበሩት ወንዶች መቀመጫ አጥተው ቆመው ያዩን ጀመር።

ዩኒቨርሲቲው ያወቀን ያኔ ነው። አዲስ መለያ መጣ፤ ለተጫዋቾች ነፃ የትምህርት ዕድል ተፈቀደ። ዲኑ እኔን፣ አምበሏን፣ ስብሰባ ጠሩኝ። "የሴትየዋን ውለታ አንክድም፤ ግን የአሰልጣኝነት ማስረጃ ስለሌላቸው በሌላ ልንተካቸው ነው። ተጫዋቾቹ ምን ይላሉ?" አሉ። ልጆቹ፣ "እትዬን አሳልፈሽ እንዳትሰጪ" ብለው ነበር የላኩኝ። ዲኑ ግን የረዳት አሰልጣኝነቱ ቦታ ለእኔ እንደታሰበ አስቀድመው ሹክ ብለውኝ ነበር። "ተስማምተዋል" አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይም ፈረምኩ። ለልጆቹ፣ "ብለምንም አልሰሙኝም" አልኳቸው።

እርስዎ ወደ ዕቃ ቆጠራዎ ተመለሱ። ኳስ ልወስድ ስመጣ "እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ልጄ" ሲሉኝ ቀና ብዬ ማየት ያቅተኝ ነበር፤ በኋላማ ሌላ ሰው መላክ ጀመርኩ። ጡረታ ሲወጡም ሽኝትዎ ላይ አልተገኘሁም፤ ሥራ በዛብኝ አልኩ።

ባለፈው ወር ማረፍዎን ሰምቼ ቤትዎ ሄድኩ። ልጅዎ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አልደነገጠችም።

"እማዬ ታውቅ ነበር። ቃለ ጉባኤውን በዚያው ሳምንት አሳይተዋታል" አለችኝ።

"ታዲያ እሳቸው ለምን ዝም አሉኝ?"

"'ራሷ መጥታ ትነግረኛለች' ትል ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር..." አልጨረሰችውም።

ስድስት ዓመት ጠበቁኝ፣ እትዬ። ቤትዎ ከአዳራሹ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲዎቹን ዋንጫ በላን። ዋና አሰልጣኟ አሁን እኔ ነኝ። ማይክ ሲሰጡኝ ቡድኑን ማን እንደመሠረተው፣ እኔም ምን እንዳደረግኩ ተናገርኩ። ዲኑ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ብዙ ነጥብ ታስቆጥርልን የነበረችው ልጅ ከተመልካቹ መሀል ተነስታ ወጣች። ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

"ዛሬ ማንን ይጠቅማል?" አለችኝ።

 እጇን ስይዛት አልነጠቀችኝም፤ አብረን ቆመን አለቀስን።

ይቅርታዎን አልጠይቅም፤ እሱን የሚጠየቁበትን ጊዜ እኔው ጨርሼዋለሁ። አዳራሹ በስምዎ እንዲጠራ አመልክቻለሁ። ባይፈቅዱም፣ የማሠለጥናቸው ልጆች ሁሉ ማን እንዳስተማረኝ ከአፌ ይሰማሉ።

የዘገየችብዎ ልጅዎ፣
አምበሏ