ድልድዩ ላይ ስለቀሩት በቅሎ ነጂ

እጅግ ለተከበራችሁ የዚያ የዘንዶና የጠንቋይ ጨዋታ ሠሪዎች፣ ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ከርሟል? መብራታችሁ ሳይቆራረጥ፣ እንቅልፋችሁም ሳይረበሽ ይኖር ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ግን አዲሱ ማሻሻያችሁ መርሳ፣ ፍቅሩ ጌም ቤት ከገባ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ከጌም ቤቱ እስከ መናኸሪያው ስመላለስ እውላለሁና ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

አንደኛ፣ በቅሎ ነጂውን ሽማግሌ ስለገደላችሁልን እናመሰግናለን። እናንተ ያወጣችሁላቸውን ስም ምላሳችን ስላልቻለው አያ እንድሪስ እንላቸዋለን። ዋናው ጀግናችሁ ከመፎከር በቀር የሚያውቀው የለም፤ ስንቁን የሚጭኑለት፣ መንገድ ሲስት የሚሰድቡት፣ ሲቆስል የሚያስታምሙት እሳቸው ነበሩ። አሁን እሱ እንዲያመልጥ ብለው ድልድዩ ላይ ይቀሩና ይወድቃሉ። ከመጀመሪያው እየጀመርኩ በሌላ አቅጣጫ ብዞርም፣ መንገዱ ሁሉ ወስዶ እዚያው ድልድይ ላይ ይጥለኛል።

ሁለተኛ፣ በእናንተ የተነሣ ጎረቤት ፊት አፍረናል። አያ እንድሪስ የሞቱ ዕለት ፊታችን ጠቁሮ ጌም ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ እንድሪስ ሞተ ሲባል የሰሙት ጎረቤታችን ወይዘሮ አማከለች ንፍሮ ይዘው መጡ። እንድሪስ በሞላበት አገራችን ለቀስተኛ መጀመሪያ ያለቅሳል እንጂ የትኛው ነው ብሎ አይመረምርም። እሳቸውም አልቅሰው፣ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ አሟሟቱን ጠየቁን። እያፈርን ስክሪኑን አሳየናቸው። ይቆጡናል ስንል፣ ሬሳው እንደ ጉም ሲተን፣ ጀግናውም ዘወር ብሎ ሳያይ ሲሄድ ተመለከቱና፣ ታዲያ ሬሳውን ማን አነሣው ብለው ጠየቁን።

ልጃቸው ሰይፈዲን በባሕር ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ እዚያው ባሕር ውስጥ መቅረቱን እናንተ አታውቁም፤ አልፈርድባችሁም። እኛ ግን እያወቅን ነው ስክሪኑን ያሳየናቸው። ንፍሮውን ትተውልን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሦስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ከዚያ ወዲያ መጻፉ አስጠላኝ። አያ እንድሪስን ከሞት አስነሡልን አልልም። ጀግናው አንድ ጊዜ ተመልሶ አፈር እንዲያለብሳቸው ብቻ ፈቃዳችሁ ይሁን።

የጥበባችሁ አድናቂ፣ በእንቅልፋችሁ የምቀና ታናሽ ወዳጃችሁ፣
ልዑል ተፈራ
ከመርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚሁ ማሻሻያ ለጀግናው አዳዲስ የጠጉር ቀለሞች እንደጨመራችሁለት አይተን ተደስተናል። አካፋ መጨመሩ ከዚያ የሚከብድ ከሆነ አትጨነቁ፤ ከሐራ ገበያ ገዝተን እንልክላችኋለን።