የገዘትሽኝ ቃል

እማዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፈር ለለበሰ ሰው እንደዚያ አይባልም ብዬ ተውኩት። ከተለየሽኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። ሰዉ በልቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ፤ ድንኳኑም ተነቀለ። አሁን ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ ለሌላ ሰው መናገር የማልችለው ነገር ሆዴን ስለሞላው ነው። ማንም ቢያነበው ግድ የለኝም፤ ወንድሜ ሙሌ ብቻ አያንብበው።

ሰፈሩን ብታዪው አታውቂውም። ከፊት ለፊታችን የነበረው የብየዳ ቤት ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ አሁን ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብሎ የሚካኤልን ጉልላት ማየት ይቻላል። አንቺ ብትኖሪ ወንበርሽን አውጥተሽ እዚያው ትውዪ ነበር። እኔ በሩን ዘግቼ ነው የምውለው። ጎረቤታችን እትዬ ሀዋ አሁንም በየጠዋቱ ያንኳኳሉ። ቁርስ በልተሻል ወይ ይሉኛል፤ በልቻለሁ እላለሁ፤ አያምኑኝም፤ ያመጡትን አስቀምጠው አላህ ያበርታሽ ብለው ይመለሳሉ። አሜን እላቸዋለሁ። ሥራም እዚያው ቦሌ፣ ሆቴሉ ላውንደሪ ውስጥ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች የተኙበትን አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ። አለቃዬ ዝምተኛ ሆነሻል ትለኛለች። ድሮም ለፍላፊ አልነበርኩም፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን እውነቷን ነው።

ሰው ጨካኝ እናት ናት ይልሽ ነበር። እኔም ብዬሻለሁ፣ በልቤ። ሲኤምሲ ካለው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠርተሽ፣ ታክሲ ተጋፍተሽ ስትገቢ መጀመሪያ የምትጠይቂን ጸሎት አድርሳችኋል ወይ ነበር፤ ራት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ከጎረቤት ልጅ ልደት ኬክ በልተን መጣን። አልበላንም ብለን ስንምል የሙሌ አፍንጫ ላይ ክሬሙ ነበር። ከኬኩ ይልቅ ውሸታችን አናደደሽ፤ አርባ አርባ ስግደት ፈረድሽብን። እያለቀስን ስንጀምር ነጠላሽን መስቀለኛ አጣፍተሽ ከመሃላችን ቆምሽና አብረሽን መስገድ ያዝሽ። ሙሌ ሃያ ላይ ሲደክመው የእሱን ቀሪ በራስሽ ላይ ጨመርሽው። ስድሳ ሰገድሽ ማለት ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ወለል ሲጠርግ በዋለ ወገብሽ። ኋላ ለምን ብዬ ስጠይቅሽ፣ ልጅ የሚከፋው ብቻውን ሲቀጣ ነው አልሽኝ። ክርስትና እሺ ማለት ነው ትይን ነበር፤ ሲመችም እሺ፣ ሲያምም እሺ።

ከሁለታችን ያንን እሺ ከልቡ የወሰደው ሙሌ ነበር። ቦሌ ላይ ስልክ ሲጠግን ቆይቶ በሃያ ስድስት ዓመቱ ገዳም እገባለሁ ሲልሽ እልል አልሽ፤ ከዚያ ጓዳ ገብተሽ በነጠላሽ አፍሽን ይዘሽ አለቀስሽ። ሁለቱንም አይቻለሁ። አመክሮ የሚሉት የመፈተኛ ጊዜው ሦስት ዓመት ነበር። ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ላረጁት መነኮሳት ታዘዘ። መንኩሶ ቆብ ለመጫን አምስት ወር ሲቀረው አንቺ ታመምሽ።

ሐኪሙ የጉበትሽን ነገር ለእኔ ለይቶ ነገረኝ፤ አንቺ ግን ከፊቴ አነበብሽው። ከሆስፒታሉ ወጥተን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እጄን ያዝሽና ለሙሌ እንዳትነግሪው አልሽኝ። ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ አይመለስም፣ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን በሕመሜ መልሼ አልነጥቅም አልሽ። ወዲያው እሺ ስላላልኩሽ ሚካኤልን ጠርተሽ ገዘትሽኝ። እስክቀበር ድረስ ብትነግሪው፣ እኔ እንደገዘትኩሽም መቼም ብታወሪው፣ ሚካኤል ይፍረድብሽ! ከፊታችን የቆመችው ሴትዮ ሳይቀር ደንግጣ ዞር ብላ አየችን። እሺ አልኩሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ሕመምሽ አራት ወር ፈጀ። ሙሌ በወር አንዴ በገዳሙ መጋቢ ስልክ ሲደውል ጉሮሮሽን ጠርገሽ፣ ተስተካክለሽ ታወሪዋለሽ። ሲያቅትሽ ስልኩን ለእኔ ትሰጪኛለሽ፤ እኔም ሰው መጣባት፣ ወጥ ልታይ ሄደች እላለሁ። ለአንድ ቁራጭ ኬክ አርባ የሰገድኩት ልጅሽ ውሸት እንደ ውሃ የምትጠጣ ሆንኩልሽ፤ ያውም በአንቺው ትእዛዝ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዓይንሽን ገልጠሽ ሙሌ መጣ ወይ አልሽኝ። የምትቃዢ መስሎኝ ብርድ ልብስሽን አስተካከልኩልሽ። ትንሽ ቆይተሽ ደግመሽ፣ አሁን በደንብ እያየሽኝ፣ ሙሌን ጥሪልኝ አልሽ። ስልኩን አወጣሁ። የመጋቢውን ቁጥር ከፈትኩት። ከዚያ ግዝትሽ ትዝ አለኝና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው አልኩሽ። እሺ ብለሽ ዓይንሽን ከደንሽ። ዓርብ ጠዋት አረፍሽ።

ብደውልም ኖሮ አይደርስልሽም ነበር፤ መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ድምፁ ግን ይደርስ ነበር። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ባደርገው እማዬ ሲልሽ ትሰሚው ነበር። የገዘተኝ አፍ ራሱ ጥሪልኝ ሲል ግዝቱን እንደፈታው እንዴት አልገባኝም? ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነው የማመነዥከው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ከሞት ወዲያ መሸፋፈን ምን ያደርጋል። ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ዕድሜ ልካችንን የተመረጠው እሱ ነበር። ለእግዚአብሔር የተሰጠው እሱ፣ ስሙ ሲነሳ ፊትሽ የሚበራለት እሱ። እኔ አንሶላ አጣፊዋ ነኝ። ያን ቀን ሰልፉ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የከበደ ነገር ለእኔ ሰጠሽኝ፤ እኔም ከእሱ በላይ ታዛዥ መሆኔን ላሳይሽ ፈለግኩ። ሐሙስ ዕለት ያንቺን ድምፅ ትቼ የራሴን ታዛዥነት ነው የሰማሁት።

ይህን ለንስሐ አባታችን የነገርኳቸው ካርባሽ በኋላ ነው። አባ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። ማሰርና መፍታት የካህን ነው ልጄ፤ እናትሽን ያናገራት ስጋቷ ነው። ቢሆንም በጊዜው ብትነግሪኝ ባንድ ቃል እፈታሽ ነበር አሉኝ። ባንድ ቃል! እኔ እኮ አራቱንም ወር በየእሑዱ መስቀል ስሳለም አባ ይፍቱኝ እላቸው ነበር። እሳቸውም እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉኝ ነበር። ሰው ሁሉ እንደሚለው ብዬው አለፍኩ፤ ምን እንደታሰርኩ ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ያን ዕለት ፈቱኝ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ ከፈለግሽ ለወንድምሽም ንገሪው፣ ነፃ ነሽ አሉኝ። ተፈትቼ ወጣሁ፤ ምንም አልቀለለኝም።

ሙሌም፣ እማዬ፣ አልተመለሰም። ከተቀበርሽ በኋላ ለመጋቢው ደወልኩ፤ ፈቃድ አግኝቶ እስኪነሳ ዘግይቶ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። መቃብርሽ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ሰው መሃል ገብቶ ነው ያነሳው። አርባሽ ከወጣ ገዳሙ ይመለሳል ብዬ ስንቁን ሳዘጋጅ፣ ተዪው አለኝ። እናቴን እንዳልቀብር ያደረገኝን ሕይወት አልፈልገውም አለ። አሁን የሰው መኪና ይዞ ከአየር ማረፊያ ተሳፋሪ ያመላልሳል። ገርጂ አካባቢ ቤት ተከራይቷል። በሚካኤል በር ሲያልፍ እጁ ከመሪው አይነሳም ይሉኛል፤ ያ በልጅነቱ ታክሲ አስቁሞ ካልተሳለምኩ የሚለው ልጅ። እንዳይሆን ብለሽ የገዘትሽኝ ነገር በግዝትሽ ምክንያት ሆነ። ይህን ስጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ትንሽ ግን እወቅስሻለሁ።

በየጉባኤው መከራ ያሳድጋል ይሉናል። ወርቅ በእሳት ይነጥራል ይላሉ። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ እሳት ውስጥ ማገዶም ይገባል። ጾሜን አልፈታሁም፣ ስግደቴንም አልተውኩም፣ አንቺ እንዳስለመድሽኝ እነሳለሁ፣ እወድቃለሁ። ልቤ ግን ደርቋል። ጸሎት መጽሐፉን ከፍቼ ፊደሉን ብቻ ነው የማነበው። አባ ይህም ያልፋል ይላሉ። እሺ እላቸዋለሁ።

የሙት ዓመትሽ ዕለት ሙሌ መጣ። ድንኳን ግን አልገባም፤ መንገዱ ዳር መኪናውን አቁሞ ውስጡ ተቀመጠ። ዳቦና ንፍሮ በሳህን ይዤለት ሄድኩ። ተቀብሎኝ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። እናቴ ልትሞት ስትል ጠርታኝ ነበር ወይ አለኝ።

አልጠራችህም ብዬ ብመልስለት እናቱ ያልፈለገችው ልጅ ሆኖ ይኖራል። ገዝታኝ ነው ብዬ ብነግረው ከእኔ ጋር ይታረቅ ይሆናል፤ ግን ካንቺ ጋር ይጣላል፤ አንቺ ደግሞ ተነስተሽ ልትታረቂው አትችዪም። እኔ ቆሜያለሁ፣ ቢጣላኝ በሬን ያውቀዋል። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፤ ጠርታሃለች፣ ሁለት ጊዜ፣ ሐሙስ ከሰዓት። ያልደወልኩልህ እኔ ነኝ። ለምን አለኝ። ግዝትሽን አላነሳሁበትም። ሳህኑን ሳይነካው መለሰልኝና መኪናውን አስነሳ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

አባ ፈተውኛልና ይህ ግዝትሽን መጠበቅ አይደለም። ፍቅር ይሁን ወይም ያ የሐሙሱ ትዕቢቴ ልብሱን ቀይሮ ይሁን መለየት አቅቶኛል። አንቺ ብትኖሪ ታውቂው ነበር።

ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል፣ የክርስትና ስምሽን ጽፌ ለቅዳሴ እሰጣለሁ። ወለተ ሥላሴ ብዬ ከሙታን ወገን አንቺን፣ ከሕያዋን ወገን ኃይለ ሚካኤል ብዬ ሙሌን፣ እሱ ባያውቀውም። ብታመምም፣ ከዚህ ሰፈር ብነሳም፣ እስክሞት አንድ ወር አልዘልም። ባለፈው አሥራ ሁለት ወረቀቱን የሚቀበሉት ቄስ አንብበው፣ ያንቺስ ስም የታለ ልጄ አሉኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከሙሌ ስር ወለተ ብዬ ጻፍኩ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ መጨረስ አቃተኝ።

ልጅሽ
ጽጌ